ለአዲስ ሕንፃ መሠረት መሬቱን ማዘጋጀት፦ ከሙከራ ጉድጓድ እስከ ሊን ኮንክሪት

ሕንፃን የሚሰነጥቀው ብዙውን ጊዜ መሬቱ መስመጡ ሳይሆን አንዱ ጎን ከሌላው ተለይቶ መስመጡ ነው። ሁሉም ፉቲንግ (ዓምዱ መሬት ላይ የሚያርፍበት ሰፊ የኮንክሪት እግር) እኩል 2 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ግድግዳው ምንም ላይሆን ይችላል። በ5 ሜትር ከሚራራቁ ሁለት ዓምዶች አንዱ ከሌላው በ1.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ካለ ግን ብሎኬቱና ልስኑ መሰንጠቅ ይጀምራሉ። በመሐንዲሶች ዘንድ በታወቀው መለኪያ፣ የመስመጥ ልዩነቱ ከዓምዶቹ ርቀት 1/300 ሲደርስ ስንጥቅ ይጠበቃል፤ ንድፉ የሚሠራው ግን ልዩነቱ ከ1/500 እንዳይበልጥ ታስቦ ነው። ይህ በ5 ሜትር ርቀት 1 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ግቡ አንድ ነው፦ ከእያንዳንዱ ፉቲንግ ሥር ያለው መሬት ተመሳሳይ እንዲሆንና እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ ማድረግ።

እዚህ የተቀመጠው አሠራር ለምድር ቤትና ለአንድ ወይም ሁለት ፎቅ ሕንፃ የሚሆን ነው። ከፍ ላለ ሕንፃ፣ ለገደላማ ቦታ ወይም ለረግረግ መሬት በማሽን የተቦረቦረ የአፈር ምርመራና የጂኦቴክኒክ መሐንዲስ ሪፖርት የግድ ነው።

1. ቦታውን ማየት

መቆፈሪያ ከመነሳቱ በፊት ዙሪያውን ይመልከቱ። የጎረቤት ቤቶች ግድግዳ በማዕዘኖቹ በኩል በሰያፍ ተሰንጥቋል? ስንጥቁ በበጋ ሰፍቶ በክረምት የሚጠብ ከሆነ አፈሩ የሚያብጥና የሚሟሽሽ ነው። በደረቁ ወራት መሬቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ከታየም ምልክቱ ያው ነው። ለብቻው የሚለመልም ሣር ወይም ቄጤማ ያለበት ጥግ ውሃ ቅርብ መሆኑን ይናገራል።

አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችን ስለ አሮጌ ጉድጓድ ይጠይቁ፦ የተደፈነ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ቆሻሻ የተጣለበት ገደል፣ አፈር ወይም ድንጋይ የወጣበት ስፍራ። ከአንድ ፉቲንግ ሥር የተደበቀ አሮጌ ጉድጓድ ሌላው ሁሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ያንን ማዕዘን ብቻ ይዞ ይወርዳል። ሲገኝ እስከ ታች ተጠርጎ፣ የላላው ሁሉ ወጥቶ፣ በሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው አነስተኛ በሆነ ኮንክሪት) ወይም በተጠቀጠቀ ሙሌት ይሞላል። ላዩን በድንጋይ ሸፍኖ ማለፍ አይቻልም።

2. የሙከራ ጉድጓድ

ለአንድ ቤት ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ይቆፈሩ፤ ሁለቱ በተቃራኒ ማዕዘኖች፣ አንዱ ከባዱ ዓምድ በሚቆምበት አካባቢ። ጥልቀቱን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። መታየት ያለበት ፉቲንጉ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በታች ቢያንስ የፉቲንጉን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከተቻለም ሁለት እጥፍ መውረድ ያስፈልጋል። አራት ማዕዘን ፉቲንግ የሚያሳርፈው ጫና ወደ አንድ አሥረኛ የሚቀንሰው በስፋቱ ሁለት እጥፍ ጥልቀት ላይ ስለሆነ ነው። 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ፉቲንግ በ1.5 ሜትር ጥልቀት የሚያርፍ ከሆነ እስከ 4 ሜትር ገደማ ያለውን አፈር ማወቅ ይገባል። ጉድጓዱን እዚያ ድረስ ማውረድ አደገኛ ከሆነ ከወለሉ በእጅ መሰርሰሪያ መቀጠል ይቻላል።

ከላይ ያለውን ብቻ ዓይቶ መወሰን ምን እንደሚያስከትል በካናዳ፣ ዊኒፔግ አጠገብ የተሠራው የትራንስኮና የእህል ጎተራ ያሳያል። ከመሠራቱ በፊት ቁፋሮው ወለል ላይ የተደረገው የጭነት ሙከራ ጥሩ ውጤት ሰጥቶ ነበር። ሙከራው የተደረገበት ሰሌዳ ግን ትንሽ በመሆኑ ጫናው ከላይ ካለው ጠንከር ያለ ሸክላ አላለፈም፤ ከሥሩ የነበረውን ለስላሳ ሸክላ የነካው የሕንፃው ሰፊ መሠረት ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. እህሉ ሲሞላበት ጎተራው ወደ 27 ዲግሪ ገደማ ተጋደመ።

ጉድጓዱ ሲቆፈር የአፈሩ ቀለምና ዓይነት የሚለወጥበት ጥልቀት በሜትር ይመዝገብ፤ ከየንብርብሩም ሁለት ሦስት ኪሎ ናሙና በፕላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ። ውሃ ከታየ ጉድጓዱ እስከ ማግስቱ ተሸፍኖ ይቆይና ውሃው የረጋበት ከፍታ ይለካ። የሙከራ ጉድጓዶቹ ቦታ በፕላን ላይ ምልክት ይደረግበት፤ በኋላ በልቅ አፈር ተደፍነው ፉቲንግ ቢያርፍባቸው ራሳቸው ችግር ይሆናሉና።

3. አፈሩን በእጅ መለየት

ላቦራቶሪ የሚተካው የለም። ሆኖም በቦታው ላይ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። እርጥብ አፈር በመዳፍ ተድቦልቡሎ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪደርስ እንደ ክር ሲጠቀለል ካልተበጣጠሰ ሸክላነቱ ከፍተኛ ነው። ጭራሽ ካልተጠቀለለ አሸዋ ወይም ደለል ነው።

የሸክላውን ጥንካሬ በጣት ይፈትሹ። በጣት በቀላሉ የሚቦካ ከሆነ ለስላሳ ነው፤ በኃይል ሲጫኑት ብቻ የሚቦካው መካከለኛ፣ ጣት ሊያቦካው የማይችል ነገር ግን አውራ ጣት ምልክት የሚያሳርፍበት ጠንካራ ይባላል። ለመነሻ ግምት ያህል ለስላሳው በካሬ ሜትር ከ7.5 ቶን በታች፣ መካከለኛው ከ7.5 እስከ 15 ቶን፣ ጠንካራው ከ15 እስከ 30 ቶን ይሸከማል። በመሐንዲሶች አነጋገር 100 ኪሎፓስካል 10 ቶን በካሬ ሜትር ገደማ ነው።

የሚያብጥ አፈር ከተጠረጠረ ይህን ሙከራ ያድርጉ። የደረቀ አፈር ተፈጭቶ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋና 10 ሚሊ ሊትር ተለክቶ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በያዘ ባለ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። በማግስቱ ከታች የረጋው አፈር መጠን ይነበባል። 16 ሚሊ ሊትር ላይ ከደረሰ እብጠቱ 60 በመቶ ነው። ከ50 በመቶ በታች ለቀላል ሕንፃ እምብዛም አያስቸግርም፤ 100 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ግን ሳይታከም ምንም ነገር ሊያርፍበት አይገባም።

4. ስፋቱን ከመሬቱ ጋር ማዛመድ

ስሌቱን የሚሠራው መሐንዲሱ ቢሆንም ባለቤቱም ፎርማኑም አመክንዮውን ቢያውቁት ይጠቅማል። አንድ ዓምድ 40 ቶን የሚያወርድና መሬቱ በካሬ ሜትር 15 ቶን የሚችል ከሆነ 40 ለ15 ሲካፈል 2.67 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ፉቲንጉ 1.65 በ1.65 ሜትር ይሆናል። መሬቱ የሚችለው 7.5 ቶን ብቻ ቢሆን ኖሮ 2.30 በ2.30 ሜትር ገደማ ያስፈልግ ነበር። ፉቲንግ «እንደተለመደው» ተብሎ ከሌላ ሕንፃ ፕላን የማይገለበጠው ለዚህ ነው።

5. መጥረግና ምልክት ማድረግ

ሥር፣ ጉቶና የላይኛው ጥቁር የእርሻ አፈር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይጠረጋል። በውስጡ ያለው የዕፅዋት ብስባሽ ሲበሰብስ ቦታው ባዶ ስለሚቀር ይህ አፈር ለሙሌት ፈጽሞ አይውልም፤ ለአትክልት ለብቻው ይከመር። ጠረጋው ሕንፃው ከሚያርፍበት ጠርዝ ቢያንስ 1 ሜትር ያልፋል።

የምልክት ጣውላዎቹ ከቁፋሮው ጠርዝ 1.5 ሜትር ያህል ርቀው ይተከሉ፤ ቀርበው ከተተከሉ ጠርዙ ሲናድ አብረው ይሄዳሉ። ማዕዘኑ በ3፣ 4 እና 5 ሜትር ይጠበቅ፤ ቦታው ከበቃ 6፣ 8 እና 10 ይሻላል። በመጨረሻ የሁለቱ ሰያፍ መስመሮች ርዝመት እኩል መሆኑ ይለካ። አንድ ቋሚ የከፍታ ምልክት በማይነካ ቦታ ይደረግ፤ ጥልቀት ሁሉ ከእርሱ ይለካል እንጂ ከሚፈርሰው የጉድጓዱ አፍ አይለካም።

6. ቁፋሮ

የወጣው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ይከመር። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.6 እስከ 1.8 ቶን ስለሚመዝን ጠርዝ ላይ ሲከመር ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከ1.2 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቦይ ሰው ሳይገባበት በፊት ወይ ጎኑ በተዳፋት ይከፈት ወይ በጣውላና በአግዳሚ እንጨት ይደገፍ። በናዳ የተያዘን ሰው ደረት ለመጭመቅ እስከ ደረቱ የደረሰ አፈር ይበቃል፤ ስለዚህ «ለአምስት ደቂቃ ነው» ተብሎ መግባት የለም።

ኤክስካቫተር ከመጨረሻው ጥልቀት 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ይቁም። የባልዲው ጥርሶች የተፈጥሮውን አፈር ስለሚያላሉት የቀረው በእጅ፣ ሊን ኮንክሪቱ በሚፈስበት ዕለት ይወጣል። በዚህ መንገድ ወለሉ ከዝናብም ከፀሐይም ይጠበቃል። ቁፋሮው ካለፈ ደግሞ የወጣውን አፈር መልሶ ማስተካከል ትልቅ ስህተት ነው፤ ያለፈው ጥልቀት በሊን ኮንክሪት ይሞላል።

ግማሹ ፉቲንግ ዓለት ላይ፣ ግማሹ አፈር ላይ ካረፈ ያስፈራል። ዓለቱ አይወርድም፣ አፈሩ ይወርዳል። መፍትሔው ሁሉንም ወደ ዓለቱ ማውረድ፣ ያ ካልተቻለ ዓለቱን ዝቅ አድርጎ ቆርጦ በላዩ የተጠቀጠቀ ጠጠር ማንጠፍ ወይም ሕንፃውን በመካከል በመለያያ መገጣጠሚያ መክፈል ነው። በተዳፋት ቦታ ከላይ ተቆርጦ ከታች ሲሞላም ያው ችግር ይመጣል፤ ፉቲንጎቹ ሙሌቱን አልፈው ወደ ተፈጥሮው መሬት ይውረዱ።

በብርድ ወራት በመሬቱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ በሚሆንባቸው አገሮች ፉቲንጉ በረዶው ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ማረፍ አለበት፤ በረዶ የሆነ ውሃ አፈሩን ሽቅብ ይገፋዋልና።

7. የሚያብጥ ጥቁር አፈር ከሆነ

መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላ ደረቅ ሲሆን እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ብዙዎችን ያታልላል። ችግሩ የመሸከም አቅም ማነስ ብቻ አይደለም። ውሃ ሲያገኝ ቀላል ሕንፃን ሽቅብ ያነሳል፤ ሲደርቅ ይለቀዋል። ከባድ ሕንፃ እብጠቱን በክብደቱ ሊቋቋም ይችላል፤ የበለጠ የሚጎዱት አጥር፣ በረንዳና ባለ አንድ ወለል ቤት ናቸው።

ጥቁሩ አፈር ስስ ከሆነ ሁሉንም አውጥቶ ከሥሩ ወዳለው ጠንካራ መሬት መውረድ ከሁሉ ይሻላል። ወፍራም ከሆነ የእርጥበቱ መለዋወጥ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ማረፍ ያስፈልጋል፤ ይህን ጥልቀት በበጋ በተቆፈረ ጉድጓድ ንቃቃቱና የሥሮች መረብ የት ላይ እንደሚያበቃ በማየት መገመት ይቻላል። ሁለቱም ካልሆነ የተወሰነው ወጥቶ በማያብጥ ሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በመጣ የሙሌት አፈር) ይተካል። ሙሌቱ ከፉቲንጉ ጠርዝ በየጎኑ ቢያንስ የውፍረቱን ግማሽ ያህል መውጣት አለበት፤ ጫናው ወደ ታች ሲሄድ እየሰፋ ስለሚሄድ ነው። ቀደም ያለው 1.65 ሜትር ፉቲንግ ከሥሩ 1 ሜትር ሙሌት ካለው ጫናው ታች ሲደርስ በ2.65 ሜትር ስፋት ይሰራጫል፤ በካሬ ሜትር 15 ቶን የነበረውም ወደ 5.7 ቶን ይወርዳል።

ለዚህ ቦታ ንጹሕ አሸዋ ወይም ክፍት ጠጠር አይመረጥም። በሸክላ መካከል የተቆፈረና በአሸዋ የተሞላ ጉድጓድ የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ከሥር ላለው ጥቁር አፈር ያጠጣዋል። ትንሽ ሸክላ የተቀላቀለበት፣ ሲጠቀጠቅ ውሃ የማያሳልፍ ገረጋንቲ ይሻላል።

ኖራ ሌላው መንገድ ነው። ከደረቁ አፈር ክብደት ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ኖራ ይደባለቃል፤ ትክክለኛው መጠን በላቦራቶሪ ይወሰናል። አፈሩ ተሰባብሮ፣ ኖራው እኩል ተበትኖ፣ ውሃ ጠጥቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ እንደገና ተገላብጦ ይጠቀጠቃል። ጎርበጥባጣ ጓል ቀርቶ ላዩ ብቻ ከነጣ ሥራው ከንቱ ነው። በአፈሩ ውስጥ ሰልፌት ካለ ኖራው ራሱ እብጠት ስለሚፈጥር ያ ምርመራ አስቀድሞ ይደረግ።

ግሬድ ቢሙ (ዓምዶቹን በመሬት ደረጃ የሚያያይዘው አግዳሚ ኮንክሪት) በቀጥታ በሚያብጥ አፈር ላይ አይፍሰስ፤ ከሥሩ ለእብጠቱ የሚሆን ክፍተት ይተው። የቁፋሮው ወለልም ለፀሐይ ተጋልጦ እንዲሰነጠቅ አይተው፤ ያን ጊዜ የደረቀው ሁሉ ሕንፃው ካረፈበት በኋላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል።

8. ሙሌትና ጥቅጠቃ

የብዙ ወለል መውረድ መነሻው እዚህ ነው። አፈር በአንድ ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር ተገልብጦ ሮለር ቢመላለስበት የሚጠቀጠቀው የላይኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ታችኛው ልቅ ሆኖ ይቀርና በመጀመሪያው ክረምት ውሃ ሲገባበት ይወርዳል። በፕሌት ኮምፓክተር (በሚንቀጠቀጥ ሳህን በሚጠቀጥቅ ትንሽ ማሽን) እና በእጅ ለሚሠራ ከ10 እስከ 15፣ ለከባድ ሮለር ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ልቅ አፈር ይነጠፍ። ከንብርብሩ ውፍረት ሁለት ሦስተኛ የሚበልጥ ድንጋይ ይለቀም።

ማሽኑም ከአፈሩ ጋር ይስማማ። አሸዋና ጠጠር በንዝረት ይጠጋጋሉ። ሸክላ ግን ንዝረት አይሰማውም፤ እየዘለለ የሚደቃ ማሽን ወይም ባለ እግር ሮለር ይፈልጋል።

እርጥበቱ የሥራው ግማሽ ነው። እያንዳንዱ አፈር በጣም የሚጠጋጋበት የራሱ የውሃ መጠን አለው፤ ላቦራቶሪው በፕሮክተር ሙከራ ይነግርዎታል፤ በሥራ ቦታ ከዚያ 2 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ሸክላ ባለበት አፈር የእጅ መፈተኛው ይህ ነው፦ ጭብጥ አፈር ሲጨመቅ ተጣብቆ ይያዝ፣ ከወገብ ከፍታ ሲለቀቅ ደግሞ ጥቂት ቦታ ይሰባበር። ብናኝ ከሆነ ደርቋል፤ ሳይፈረካከስ ከተለጠጠ ረጥቧል። አፈሩ 8 በመቶ ውሃ ይዞ 14 በመቶ የሚፈልግ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ኩብ ልቅ አፈር 1,300 ኪሎ ደረቅ ክብደት እንዳለው ሲሰላ 80 ሊትር ገደማ ይጨመርበታል። ውሃው ተገላብጦ ይዋሃድ። በጎማ አጥለቅልቆ «ራሱ ይቀመጣል» ማለት ለሸክላ ሙሌት ጥፋት ነው።

ለብዛቱ ምሳሌ፦ 10 በ12 ሜትር ቦታ 60 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሙሌት 72 ሜትር ኩብ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ልቅ አፈር ወደ 15 የሚወርድ ከሆነ አራት ንብርብር ያስፈልጋል፤ የሚታዘዘው ልቅ አፈርም 96 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ሮለሩ ስንት ጊዜ ተመላለሰ የሚለው መለኪያ አይደለም፤ ጥግግቱ ይለካ። በሳንድ ኮን ሙከራ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ የወጣው አፈር ይመዘናል፣ የጉድጓዱ መጠን በታወቀ አሸዋ ይለካል። የወጣው አፈር 2,280 ግራም፣ እርጥበቱ 14 በመቶ ከሆነ ደረቅ ክብደቱ 2,000 ግራም ነው። ጉድጓዱ 1,150 ሴሜ ኩብ ከያዘ ጥግግቱ 1.74 ግራም በሴሜ ኩብ ይሆናል። የላቦራቶሪው ከፍተኛ 1.80 ከሆነ 96.6 በመቶ ተደርሷል፤ ለመሠረት ሙሌት በብዛት የሚጠየቀውን 95 በመቶ ያልፋል። በየንብርብሩ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይሞከር፤ በተለይ ማሽኑ በደንብ በማይደርስባቸው ማዕዘኖችና ግድግዳ ዳር። ያላለፈ ንብርብር ተቆፍሮ ይነሳል እንጂ በላዩ አይነጠፍበትም።

9. ውሃን መምራት

በቁፋሮው ወለል ላይ የተኛ ውሃ በአንድ ሌሊት ጠንካራውን ሸክላ ጭቃ ያደርገዋል። ከወለሉ ዝቅ ያለች የውሃ መሰብሰቢያ ጉድጓድ ከፉቲንጉ ውጭ ይቆፈርና ዙሪያዋ በጠጠር ተከቦ በፓምፕ ይቀዳ። የሚወጣው ውሃ ድፍርስ ሆኖ ከቀጠለ ፓምፑ ከፉቲንጎቹ ሥር ደቃቅ አፈር እየሳበ ነው፤ ቆሞ ማጣሪያው ይስተካከል። አሸዋማ መሬት ላይ ውሃው እስከ ፉቲንጉ ሥር ከወጣ የመሸከም አቅሙ በግማሽ ያህል ሊወርድ ስለሚችል ስሌቱ ያንን ማካተት አለበት።

10. ወለሉን መረከብና መሸፈን

ከሊን ኮንክሪቱ በፊት እያንዳንዱ ጉድጓድ ለየብቻ ይታይ። 12 ወይም 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሁሉም ጉድጓድ ውስጥ በተመሳሳይ ኃይል ይወጋ፤ በአንዱ ብቻ ጠልቆ ከገባ እዚያ ለስላሳ ቦታ አለ፤ እስኪጠነክር ድረስ ይቆፈር። አፈሩ በምርመራው ከታየው ከተለየ ሥራው ቆሞ መሐንዲሱ ይጠራ። የላላ አፈርና ጭቃ ተጠርጎ፣ ወለሉ በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሊን ኮንክሪት በዕለቱ ይፈስስ፤ በሜትር ኩብ 150 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ ይበቃዋል። ሥራው ሸክም መያዝ ሳይሆን አፈሩን መሸፈንና ፌሮው ጭቃ ሳይነካው በልኩ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ፉቲንጉ ከጠነከረ በኋላ ዙሪያው ሲመለስ በሁለቱም ጎን እኩል እየተነጠፈ ይጠቀጠቅ፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተከመረ ዓምዱን ወይም የመሠረት ግድግዳውን ይገፋዋል። የጣውላ ቁራጭ፣ የሲሚንቶ ከረጢትና የፈራረሰ ብሎኬት አይቀበርበት። ከወለሉ ሥር የሚነጠፈው የድንጋይ ንጣፍ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላ።

በውጭ በኩል መሬቱ ከግድግዳው ርቆ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ይደረግ፤ በሚያብጥ አፈር ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ዙሪያ ንጣፍ ይጨመርበት። የጣሪያ ውሃ መውረጃ ከግድግዳው ሥር አይለቀቅ። የውሃና የፍሳሽ ቱቦ ወደ ሕንፃው የሚገባበት ቦይ በአሸዋ ብቻ ከተሞላ የውጭውን ውሃ መርቶ ከወለሉ ሥር ያስገባል፤ ስለዚህ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ ግማሽ ሜትር ያህል በተጠቀጠቀ ሸክላ ይዘጋ። ትልቅ ዛፍ ሊደርስበት የሚችለውን ቁመት ያህል ከሕንፃው ርቆ ይተከል፤ ሥሩ ከፉቲንጉ አጠገብ እርጥበት ሲስብ ያን ጎን ብቻ ያወርዳል።